ከምሰሶ እስከ ሳሎን፤ የቤት ቃላት ታሪክ በወልድያና በሐብሩ

በወልድያም ሆነ በመርሳ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሥራ ባልደረባችን፣ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቤት መሣሉ አይቀርም። ሥዕሉም ምንጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ጣሪያው የሾለ፣ ጢስ መውጫው ከላይ የቆመ፣ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ፣ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ቤት ነው። መምህሩ በየክፍሉ ላይ ስም ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም ትርጉሙን ከጎኑ ያሰፍራሉ። «ሊቪንግ ሩም» ሳሎን፣ «ኪችን» ወጥ ቤት፣ «ቤድሩም» መኝታ ቤት፣ «ሲሊንግ» ኮርኒስ፣ «አፕስቴርስ» ፎቅ እየተባለ ደብተሩ ይሞላል። ደወሉም ይደወላል።

ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ግን ሁለት ነገሮችን ሸፍኖ ያልፋል። አንደኛው፣ የእንግሊዝኛው ፍቺ ይሆናሉ ተብለው ከተሰጡት ቃላት ብዙዎቹ ራሳቸው እንግዶች መሆናቸው ነው። ሳሎን ከፈረንሳይ፣ ኮርኒስ ከአውሮፓ ግንበኞች፣ ፎቅ «በላይ» ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጡ ናቸው። ስለዚህ «ሊቪንግ ሩም»ን ሳሎን ብለን ስንተረጉም እንግሊዝኛውን የምንፈታው በፈረንሳይኛ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሚገባበት ቤት፣ ምሰሶውና ማገሩ፣ ወራጁና ምርጊቱ፣ ጉበኑና መቃኑ፣ ታዛው፣ ቆጡና መደቡ በሰሌዳው ላይ አንዳቸውም አልተጻፉም። ልጁም ለእነዚህ በእንግሊዝኛ ስም የላቸውም ብሎ ያምናል። የአንዳንዱም መምህር እምነት ከዚህ አይርቅም። ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ለማሳየት የቃላቱን ታሪክ ከሥር ጀምሮ መመልከት ያስፈልጋል።

«ቤት» የሚለው ቃል ከግዕዝ የወረስነው ነው፤ በዕብራይስጥና በዐረብኛም ዘመዶች አሉት። የፊደላችን «በ» በጥንቱ አጠራር «ቤት» መባሉም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ በዚህ ቃል የሚሠራበት መንገድ ከእንግሊዝኛው ይለያል። እንግሊዞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያለውን ሁሉ «ሃውስ» ብለው ውስጡን በ«ሩም» ይከፋፍሉታል። «ሩም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ስፋት ወይም ባዶ ቦታ ማለት ነበር። በእኛ ዘንድ ግን፣ በተለይ በመኳንንትና በባላባት ግቢ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ራሱን የቻለ ቤት ይሠራ ነበር። እንጀራ የሚጋገርበት እንጀራ ቤት፣ ወጥ የሚሠራበት ወጥ ቤት፣ ጠጅ የሚጣልበት ጠጅ ቤት፣ ሀብት የሚጠበቅበት ግምጃ ቤት ይባላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ግድግዳና የራሱ ክዳን ነበረው። ዛሬ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ሲሰበሰቡ ስማቸውን ይዘው ገቡ። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ መኝታ ቤት ስንል በአንድ ቤት ውስጥ አራት ቤት መቁጠራችን ነው። «ክፍል» የምንለው በአብዛኛው የሚከራየውን፣ ሆቴል ውስጥ የሚታደርበትን ወይም የሚማሩበትን ነው። «ወጥ ክፍል» ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ተማሪዎቻችን «ኩኪንግ ሃውስ» ወይም «ስሊፒንግ ሃውስ» ብለው ሲጽፉ በቀይ ቀለም የምንሠርዘው ስሕተት፣ በውስጡ የአንድ ግቢ አሠራር ታሪክ አለበት።

ወደ ላይ ወጣ ብለን የቤተ መንግሥቱን ቋንቋ ብንመለከት ደግሞ ሁለቱ ሕዝቦች የሚገናኙበትን እናገኛለን። አዳራሽ ግብር የሚበላበት ሰፊ ቤት ሲሆን፣ እልፍኝ ጌታው ለብቻው የሚቀመጥበት የውስጥ ቤት ነበር። በእልፍኙ ደጅ ቆሞ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር የሚወስነው ሹም እልፍኝ አስከልካይ ይባላል። እንግሊዞችም እንዲሁ «ቼምበር» ከሚለው ቃል «ቼምበርሊን» የሚል ሹመት አውጥተዋል። ለእልፍኝ አስከልካይ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝም።

«ሃውስ»ና «ሆም» ስለሚባሉት ሁለት ቃላት ልዩነትም መምህራን ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። አማርኛ ለሁለቱም «ቤት» ይላል፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አንድ ወጣት «ጎጆ ወጣ» ሲባል የተነገረው ስለ ሣር ክዳን አይደለም፤ ስለ ትዳርና ስለ ራስ መቻል ነው። ልጁ የሚገባው ባለ ብሎኬት ቤት ቢሆንም ጎጆ ወጣ ይባላል። ስለ «ሆም» ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከዚህ ቢነሣ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አሁን ወደ ባላገሩ ቤት እንመለስ። ወልድያ በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፣ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ ሲወጣ ድንጋይ ይበዛል፤ በላሊበላ የሚታዩት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች የዚያ አካባቢ የግንበኝነት ጥበብ ምስክሮች ናቸው። በስተ ደቡብ ወደ ሐብሩና ወደ መርሳ ሲወረድ ደግሞ አገሩ ይሞቃል፤ ማሽላው ይረዝማል፤ ቤቱም የእንጨትና የጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ቀጥሎ ማገሩ በልጥ እየታሰረ ይማገራል። መካከል ላይ ምሰሶው ይቆማል። ወራጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል፤ ክዳኑም ይከደናል። ከዚያም ጭቃ ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ጥቂት ቀን ከርሞ፣ በደቦ ይመረጋል። ምርጊቱ ሲደርቅ ልስኑ ይከተላል። በውስጥ በኩል ለመቀመጫና ለመኝታ መደብ ይደመደማል፤ ከላይ ቆጥ ይሠራል፤ ከብቱ በጋጣው ያድራል። በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ ግድግዳው ይለቀለቃል፤ የተሰነጠቀው ይመረጋል። እንግሊዝኛው ዛሬ «ሆም ኢምፕሩቭመንት» ብሎ ትልቅ ገበያ ያደረገውን ሥራ እናቶቻችን በእጃቸው ያለ ስም ሲሠሩት ኖረዋል።

ከእነዚህ ቃላት ጥቂቶቹ በመጽሐፍ ስለተያዙ ዕድሜ አግኝተዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ስለ ፋሲካው በግ ደም ሲነገር መቃንና ጉበን ስለተጠቀሱ፣ የእነዚህ ሁለት ቃላት ትርጉም በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያደገ ሰው አይጠፋውም። ለልጥና ለማገር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልተገኘላቸውም፤ ቤቱ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

የጭቃው ቤት ራሱም ቢሆን እንደ ጥንቱ አልኖረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለና ፈጥኖ የሚያድግ ቋሚ አስገኘ፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱንም ስሙ ይናገራል። ቆርቆሮ ደግሞ የሣሩን ቦታ ያዘ። ቆርቆሮ በገባበት ሁሉ የቤት መለኪያም ተለወጠ፤ ሰው የቤቱን ትልቅነት ሲናገር «ባለ አርባ ቆርቆሮ»፣ «ባለ ስልሳ ቆርቆሮ» ይል ጀመር። ይህን መለኪያ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ይቸገራል፤ እንግሊዝኛው ቤትን የሚቆጥረው በመኝታ ክፍሎቹ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የመንገዱ ቋንቋ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌና ወደ አሥመራ የሚዘልቀው ጎዳና በአዲስ መልክ ተሠራ። ጎዳናው የወታደር መንገድ ነበር፤ ይሁን እንጂ በድልድዩና በካምፑ ሥራ የተሰማራው ያገሬው ሰው የግንበኛውን ቋንቋ ከካቦው አፍ ተማረ። ካቦ የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ቡሎን፣ ማርቴሎ፣ እስካርፔሎ፣ ፒንሳ፣ ጀሶ፣ ስቱኮ፣ ባኞ፣ ኮመዲኖ የመሳሰሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተገኙ ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመት ሲባረር ቃላቱ በግንበኛው ከረጢት ውስጥ ቀሩ። ዛሬም አንድ የወልድያ አናጢ ወይም ግንበኛ የሚናገረውን ቃል በቃል ብንመዘግብ፣ የመሣሪያው ስም በአብዛኛው ጣሊያንኛ፣ የሥራው ግሥ አማርኛ፣ የመሐንዲሱ ወረቀት ደግሞ እንግሊዝኛ ሆኖ እናገኘዋለን።

የወረቀቱ እንግሊዝኛ የመጣው ከነፃነት በኋላ ነው። ከወረራው በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን፣ በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክም ሆነ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ብልጫ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ሳሎንና ቡፌ የዚያን ጊዜውን የቤት ወግ የሚያስታውሱ ቃላት ናቸው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1947 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የሕንፃ ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። በዚህ የተነሣ እንግሊዝኛችን ሁለት አባት አለው። እንግሊዛዊው «ፍላት» የሚለውን አሜሪካዊው «አፓርትመንት» ይለዋል፤ እኛም አፓርትመንት አልን። አሜሪካዊው «ፈርስት ፍሎር» ሲል ምድር ላይ ያለውን ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ግን ከምድሩ በላይ ያለውን ነው። በዚህኛው እኛ እንግሊዞችን ተከትለናል። በከተማው ሁሉ «ጂ ፕላስ ዋን»፣ «ጂ ፕላስ ፎር» የሚባለው አቆጣጠር ምድሩን ከቁጥር ውጭ አድርጎ «ጂ» በሚል ፊደል ብቻ ያስቀምጠዋል። «ምድር ቤት» የሚለው አማርኛችን ደግሞ አንዳንዱ ከመሬት በታች ላለው፣ አንዳንዱ በመሬቱ ላይ ላለው ስለሚጠቀምበት፣ ውል በሚጻፍበት ጊዜ ጠብ እንዳያመጣ መጠንቀቅ ይገባል።

እዚህ ላይ መምህራንን ዘወትር ስለሚያሳስቱ ቃላት ጥቂት ማለት አስፈላጊ ነው። ቃል አገር ሲለውጥ ትርጉሙንም ይለውጣልና። «ኮርኒስ» በአውሮፓ ቋንቋዎች በግድግዳው ጫፍ ዙሪያውን የሚሄደው ጌጠኛ ጠርዝ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጠቅላላው የጣሪያው ሆድ ሆኗል። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ኮርኒሱ ነጭ ነው» ብሎ ሲጽፍ እንግሊዛዊው የሚረዳው ጠርዙን ብቻ ነው። «ባኞ» በጣሊያንኛ መታጠቢያ ክፍሉም ጭምር ነው፤ በእኛ ገንዳው ብቻ ነው። «ቪላ» በእነሱ ዘንድ የባለጸጋ የገጠር ማረፊያ ሲሆን፣ በእኛ ግን ፎቅ የሌለው ለብቻው የቆመ ቤት ሁሉ ቪላ ነው። «ቡፌ» እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ምግብ ያስታውሰዋል፤ እኛን ደግሞ ብርጭቆ የሚደረደርበትን ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን። ከሁሉም በላይ የሚገርመው «ሰርቪስ» ነው። ይህን ቃል እንግሊዛዊው ሲሰማ አገልግሎት ይመስለዋል፤ ወልድያ ላይ ግን ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራ ተከታታይ የክፍሎች መደዳ ነው።

ሰርቪስ ይህን ያህል ትልቅ ቃል የሆነበት ምክንያት አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም በመሆኑ «ትርፍ ቤት» ከሚለው ፊት ለፊት «ኤክስትራ ሃውስ» ተብሎ ሰፈረ። እንግሊዝኛው ሰዋስው አልጎደለውም፤ ነገር ግን ለንደን ላይ ይህን ሐረግ የሚያነብ ሰው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ሊገባው አይችልም። እኛ ግን ቤቱ ለተወረሰበትም ሆነ በቀበሌ ቤት መጠለያ ላገኘው ሰው ትርጉሙን ማስረዳት አያስፈልገንም። ከዚያ ወዲህ፣ ቀድሞ ለሠራተኛና ለማድ ቤት ታስቦ የተሠራው ሰርቪስ ለብዙ ቤተሰብ ሙሉ መኖሪያ ሆኖ ቆየ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የሚኖር የቤተሰብ ልጅ «ሃው ሜኒ ሩምስ» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋው ቃሉ ጠፍቶት አይደለም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ከዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ሚስዮናዊው ኢዘንበርግ በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። ሀያኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላም የአርምብረስተር ሥራ ተከተለ። ለእኛ ለመምህራኑ ግን ዋናው ዓመት 1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም የቮልፍ ሌስላው ቃላቱን በዐረፍተ ነገር እያስገባ የሚያስረዳው መዝገበ ቃላት ታትመው ወጡ። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1962 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። እነዚህ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ግን የአገራችንን ጎጆ «ቱኩል» እያሉ መጥራታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም። ቃሉ ከሱዳን የመጣ፣ በጣሊያኖችም ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ የሐብሩ ገበሬ ቤቱን ቱኩል ብሎ አያውቅም። ተማሪዎቻችን ስለ ራሳቸው ቤት ሲጽፉ ይህን ቃል ከመጽሐፍ እየቀዱ ሲያስገቡት ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ለምሰሶና ለማገር እንግሊዝኛ ስም የለውምን? ስም አለው፤ ያውም የበሰለ። እንግሊዞች ራሳቸው ለብዙ መቶ ዓመታት በእንጨትና በጭቃ ቤት ኖረዋልና ነው። በስትራትፎርድ ሼክስፒር የተወለደበት ቤት በእንጨት አውታር ተዋቅሮ ግድግዳው በማገርና በጭቃ የተሞላ ነው፤ የባለቤቱ የአን ሐታዌይ የትውልድ ቤትም ሣር ክዳን ነው። የተጠላለፈው ማገር «ዋትል»፣ ምርጊቱ «ዶብ»፣ አሠራሩ በሙሉ «ዋትል ኤንድ ዶብ» ይባላል። ወደ አውስትራሊያ የሄዱት እንግሊዞች እዚያ ያገኙትን የግራር ዘር ለማገር ስለተጠቀሙበት ዛፉን ራሱን «ዋትል» ብለውታል። እኛ ከዚያ አገር ባሕር ዛፍ ወስደን ቋሚ ስናደርግ፣ እነሱ የግራርን ዘመድ ማገር አድርገዋል። ጀርመኖችም ግድግዳን «ቫንድ» ሲሉ ቃሉ መጠምዘዝና መጠላለፍ ከሚል ግሥ የወጣ ነው፤ ግድግዳቸውም በመጀመሪያ የተማገረ ነበርና። መስኮት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዊንዶው» የተባለው «የነፋስ ዓይን» ከሚል የጥንት የሰሜን ሕዝቦች ቃል ነው፤ ጢስና ነፋስ የሚተላለፉበት ቀዳዳ እንጂ መስተዋት አልነበረውም።

ስለዚህ ወራጅ «ራፍተር» ነው፤ ጉበን «ሊንተል»፣ መቃን «ጃም»፣ ደፍ «ትሬሽሆልድ»፣ ታዛ «ኢቭስ»፣ ቆጥ «ሎፍት»፣ ምድጃ «ሃርዝ»፣ ጋጣ «ስቶል» ነው። ሣር ክዳን «ታች» ይባላል፤ ይህን ሲሰሙ ተማሪዎች ይስቃሉ፤ የእንግሊዞች ታች ከላይ ነውና። እነዚህ ቃላት ከመማሪያ መጽሐፎቻችን የጠፉት እንግሊዝኛ ስለሌለው ሳይሆን፣ መጽሐፎቹ የተከተሉት አብነት የለንደንን ዳርቻ አዲስ ቤት እንጂ የእንግሊዝን ባላገር ጎጆ ስላልነበረ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ፣ የሰባት ዓመት ልጅም የቤት ክፍሎችን ስም እንዲያጠና ይጠየቃል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያላየውን «ዳይኒንግ ሩም» ከሚያጠና ይልቅ በየቀኑ የሚረግጠውን ደፍ ቢማር ይቀለዋል።

በዚህ መካከል አዲስ የቤት ቋንቋ ከሌላ አቅጣጫ እየገባ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ከሐብሩና ከወልድያ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሄዱ ብዙ እኅቶቻችን፣ ሙሉ ቤት በእጃቸው እያጸዱና እያበሰሉ የክፍሎቹን ስም በዐረብኛ ያውቁታል። መጥበኽ ወጥ ቤት፣ ሐማም መታጠቢያ ቤት፣ መጅሊስ የእንግዳ መቀበያ ነው። እኛ በሰሌዳ ላይ በሥዕል ያስተማርነውን እነርሱ በድካም ተምረውታል። ከሚልኩት ገንዘብ የሚሠራው ቤት ደግሞ «ኤል ሼፕ» ይሆናል፤ ውስጡ «አረቢያን መጅሊስ» ይዘረጋለታል፤ ግንበኛው ፌሮውን ያስራል፤ የመጨረሻውም ሥራ «ፊኒሺንግ» ይባላል። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ቋንቋ ቤት ሠርቶ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። የሰሌዳውን ሥዕል ትቼ፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከአያቶቻቸው አሥር አሥር የቤት ቃል ጠይቀው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። በማግሥቱ ያመጡትን ስንሰበስብ እኔም የማላውቃቸው ነበሩበት። አብዛኞቹን በእንግሊዝኛ አገኘንላቸው። በመጨረሻ ከሐብሩ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ በጎጆው አናት ላይ የሚደፋውን የሸክላ ጉልላት ፈረንጆች ምን እንደሚሉት ጠየቀኝ። በዚያ ሰዓት አላውቀውም ነበር፤ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ወጣሁ። ማታ ፈልጌ አገኘሁት፤ «ፊኒያል» ይባላል። ነገ ጧት ሰሌዳው ላይ ጎጆ ሥዬ፣ ከአናቱ ላይ ጉልላቱን ደፍቼ፣ ስሙን ልጁ ራሱ ወጥቶ እንዲጽፈው ጠመኔውን ሰጠሁት።